ለአስም የሚታዘዘው የማታ ክኒን፦ ወረቀቱ ላይ ያለው፣ ያልተነበበው

በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በአጅማን የሚኖሩ የአስም ሕመምተኛ ከሆኑ፣ ሐኪምዎ ከፓፉ ጋር በየቀኑ ማታ የሚዋጥ ክኒን አዝዞልዎት ይሆናል። ስሙ ሞንቴሉካስት ነው፤ ብዙዎች «ሲንጉሌር» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚጻፈው በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ ወገኖቻችን ታዲያ ሁለት ከባድ ጉዳዮች ያመልጧቸዋል።

አንደኛው፣ ክኒኑ ትንፋሽ ሲያጥር የሚወሰድ አለመሆኑ ነው። አቧራ፣ የበረኪና ሽታ፣ የባለቤቶቹ ቡኹር ወይም የእኛው የቡና ዕጣን አስሙን ሲቀሰቅስ ሰውነት ሉኮትሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። የአየር ቧንቧውን የሚያጠቡት፣ የሚያሳብጡትና አክታ የሚያበዙት እነዚህ ናቸው። ስም የሰጣቸው ስዊድናዊው ቤንግት ሳሙኤልሰን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1979 ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ሞንቴሉካስት ሉኮትሪኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝባቸዋል። ሥራው መከላከል ነው። ደረት ከተዘጋ በኋላ ክኒን ውጦ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚያስተነፍሰው ፓፍ ነው። ካልተሻለዎት ወደ አምቡላንስ 998 ይደውሉ።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ብለው በየቀኑ የሚሳበውን ትተው ክኒኑን ብቻ የሚወስዱም አሉ። ሱስ አያስይዝም። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከክኒኑ ይልቅ የሚሳበው ስቴሮይድ የተሻለ ይሠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ አእምሮ ነው፤ ለእኔ የሚበልጠውም ይኸኛው ነው። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1998 ነበር። በመጋቢት 2020 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዘዘ፦ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ፣ ድብርት፣ አልፎ አልፎም ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ለአፍንጫ አለርጂ ብቻ ከሆነም ሌላ መድኃኒት ቢቀድም ይሻላል አለ። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይወስደዋል። ነገር ግን በሰው ቤት የምትኖር እህት ሌሊት እየቃዠች ብትነቃ ማን ክኒኑን ይጠረጥራል? እሷ ናፍቆት ነው ትላለች፣ ጓደኞቿ ጂን ይላሉ፣ እመቤቲቱ ጠባይዋ ተለወጠ ትላለች። ስለዚህ ቀኑን ያስቡ፦ ቅዠቱ የጀመረው ክኒኑ ከተጀመረ ወዲህ ነውን? ከሆነ ሳይዘገዩ ለሐኪም ይንገሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ክኒኑን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከልጆቹ የተረፈውን ክኒን ከአሠሪ ተቀብሎ መዋጥም አይገባም፤ የልጆች መጠን 4 ወይም 5 ሚሊግራም ሲሆን የአዋቂ 10 ነው። በዱባይ የጤና መድን የአሠሪው ግዴታ ከሆነ ቆይቷል፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሻርጃና በአጅማንም የቤት ሠራተኛን ጨምሮ መኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትና ለማደስ ይጠየቃል። ካርድዎን ይጠይቁ።

ሐኪሙ አረብኛ የሚናገር ከሆነ እነዚህን ይያዙ። አስም አለብኝ፦ «ዒንዲ ረብዉ»። መተንፈስ አልቻልኩም፦ «ማ አግደር አተነፈስ»። ቅዠት ደግሞ «ከዋቢስ» ነው።