ዶፍ ሲወርድ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል?



ለክረምት ዕረፍት ከግቢ ወጥተን ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና በዙሪያቸው ወዳሉ ቀበሌዎች የምንመለስ ልጆች የሐምሌን ከሰዓት በኋላ እናውቀዋለን። ደመናው ይጠቁራል፤ ዶፉ ይወርዳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመንገዱ ዳር ዲች ሞልቶ ኮብልስቶኑ ላይ ይፈስሳል። ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ እያንሳፈፈ ቁልቁል ይሄዳል። ከዚያ ሽታው ይመጣል። የጭቃ ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

ያ ውሃ የት እንደሚደርስ ካሰብን ጉዳዩ ከሽታ ያልፋል። ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚወርደው ወደ ላህና ወደ ብር፣ ከቡሬ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ፈጣም ያመራል፤ የሁሉም መጨረሻ ዓባይ ነው። ከከተማው በታች ባለው ገጠር ግን ያንኑ ወንዝ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፤ ቧንቧ ባልደረሰበት ቦታም በጀሪካን ይቀዳል። በሌላ አነጋገር የእኛ ሰፈር ዲች የእነሱ ምንጭ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

በትልልቅ የዓለም ከተሞች ችግሩ የቱቦው አሠራር ነው። ለንደንን እንውሰድ። በ1858 እ.ኤ.አ. የቴምዝ ወንዝ ሽታ ከተማዋን ካስጨነቀ በኋላ ኢንጂነር ባዛልጌት የዘረጋው መስመር የቤት ፍሳሽንና የዝናብ ውሃን በአንድ ቱቦ የሚወስድ ነበር። ዝናብ በዛ ሲል ቱቦው ይሞላል፤ ፍሳሹ ወደ ቤቶች እንዳይመለስም ትርፉ በማስተንፈሻ በሮች በቀጥታ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ይህን ለማቆም ለንደን 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ቆፍራ በ2025 ሙሉ በሙሉ ሥራ አስጀምራለች። ፓሪስም ለ2024ቱ ኦሎምፒክ ሴን ወንዝን ለማጽዳት 50,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያ ሠርታለች። ሁለቱም ያደረጉት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ዶፉ እስኪያልፍ ቆሻሻውን ውሃ ያዝ አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ማጣሪያ መላክ።

በአገራችን የተለየ ነው። በአዲስ አበባ ከቱቦ ጋር የተያያዘው ቤት ፍሳሹ ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። ያ ጣቢያ መጀመሪያ በኩሬዎች የሚሠራና በቀን 7,600 ሜትር ኩብ የሚቀበል ነበር፤ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ግን የሚበዛው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤትና ሴፕቲክ ታንክ ነው። መሬቱ በክረምት ውሃ ሲጠግብ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ይገነፍላል። በብዙ ከተሞቻችን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ልማድ አለ፤ ለመምጠጫ መኪና የሚከፈለውን ገንዘብ ለማዳን ዝናብ ተጠብቆ ጉድጓዱ ወደ ዲች ይከፈታል። ለዝናብ ውሃ የተሠራው ዲች በዚያች ሰዓት የፍሳሽ መስመር ሆነ ማለት ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

50 ሄክታር የሚሆን የከተማ መሐል እናስብ። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው ከጣሪያና ከመንገድ ላይ ቢፈስስ 9,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። በዚያው ቦታ 10,000 ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 40 ሊትር ውሃ ቢያፈስስ የቀኑ የቤት ፍሳሽ 400 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የአንድ ሰዓት ዝናብ የሙሉ ቀኑን ፍሳሽ ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሁሉንም ጎርፍ የሚያጣራ ጣቢያ ልሥራ የሚል ከተማ በጀቱን ጨርሶ ጎርፉን አይጨርስም።

መፍትሔው ያለው በመጀመሪያው ውሃ ላይ ነው። ደረቅ ሰንብቶ የተከማቸውን ቆሻሻ አብዛኛውን ጠርጎ የሚወስደው የዝናቡ መጀመሪያ ነው፤ ቤታችን እንኳ የጣሪያ ውሃ ስንጠልቅ እናቶቻችን የመጀመሪያውን አስደፍተው ቀጥሎ ያለውን ያጠራቅማሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ የመጀመሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ለመያዝ 1,500 ሜትር ኩብ ይበቃል። ይህም 50 ሜትር በ30 ሜትር ሆኖ 1 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ ነው፤ ከኳስ ሜዳ ሩብ አይበልጥም።

ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

ጀርመኖች ለዚሁ ዓላማ የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ የአሸዋና የሸምበቆ ማጣሪያ ነው። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የብረት ፍርግርግ። ፌስታል፣ ሃይላንድና ጨርቅ እዚህ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ካልተጠረገ ግን ራሱ ፍርግርጉ ጎርፉን ወደ መንደር ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ ማዝቀጫ። ውሃው ሰፋ ወዳለ ጉድጓድ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ደለሉና ከባዱ ቆሻሻ ይዘቅጣል። የእኛ ጎርፍ ቀይ አፈር ስለሚበዛበት ይህ ደረጃ ከሌላው አገር ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ አሸዋው በአንድ ክረምት ይደፈናል።

ሦስተኛ፣ የአሸዋው አልጋ። ከታች ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ከላይ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ሸምበቆ። ቆሻሻው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ይያዛል፤ በቅንጣቶቹ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳትም ይመገቡታል። የሸምበቆው ሥር አሸዋው እንዳይደፈን ይከፋፍተዋል። ውሃው በካሬ ሜትር በሰከንድ 0.03 ሊትር ያህል እንዲያልፍ ቢገደብ የ1,500 ካሬ ሜትሩ አልጋ ያንን ሁሉ ውሃ በ9 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በአንድ ሌሊት፣ ያወርደዋል። ከዚያ አልጋው ደርቆ አየር ማግኘት አለበት፤ ሕዋሳቱ ያለ አየር አይሠሩም።

አራተኛ፣ የትርፍ ውሃ መውጫ። ኩሬው ከሞላ በኋላ የሚመጣው፣ በአንጻሩ የቀለለው ውሃ፣ በጎን በኩል ወደ ወንዙ ያልፋል።

ይህ ማጣሪያ ጀርሞችን በብዛት ይቀንሳል እንጂ የሚጠጣ ውሃ አያወጣም። ጉድጓዱን ወደ ዲች የመክፈትን ልማድም አይተካም። መምጠጫ መኪናና የደለል ማድረቂያ ቦታ የሌለው ከተማ የቱንም ያህል አሸዋ ቢደረድር ችግሩ በየክረምቱ ይመለሳል።

ጥራትና ጤና

መድረሳ ቁጭ ብለን ስለ ውሃ ስንቀራ የተማርነው በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁለህ የሞላ፣ አንድ በርሜል ወይም ወደ 200 ሊትር ገደማ የሚሆን ውሃ፣ ነጃሳ ቢነካውም ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ ጦሃራነቱ እንደማይጠፋ ነው። ላብራቶሪ ስንገባ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ውስጥ የሰገራ ባክቴሪያ ሲፈላ አየን። አንዳንዶቻችን ሁለቱ የተጋጩ መስሎን ነበር። አልተጋጩም፤ ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ለዉዱእ ይበቃል ወይ ሲል ሁለተኛው ቢጠጣ ያሳምማል ወይ ይላል። ለዉዱእ የሚበቃ ውሃ ለሕፃን ጽዋ ላይበቃ ይችላል። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት ግን ያው ፊቅህ ያስተማረን መሠረት ነው፤ ሰው በሚቀዳበት ውሃ አጠገብ መጸዳዳትም በሐዲስ በብርቱ የተከለከለ ነው።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም በባሌ የተነሳው ኮሌራ ቆይቶ የአማራን ክልል ጨምሮ ወደ ብዙ ቦታዎች ተዛምቷል። ኮሌራ ደግሞ መንገዱ በሰገራ የተበከለ ውሃና ምግብ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

ለክረምት ስንመለስ ሦስት ነገር ከአቅማችን በላይ አይደለም። በቤታችን ጉድጓዱ ሊከፈት ሲታሰብ ወንዙ የት እንደሚደርስ ለአባቶቻችን በአክብሮት ማስረዳት፤ የመኪናውን ክፍያ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ሰኔ ሳይገባ ማስመጠጥ እንደሚቻልም መጠቆም። በመስጂዶቻችን የዉዱእ ውሃ ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል መስመሩን መለየት፤ ያ ውሃ ብዙም ያልቆሸሸ ስለሆነ የግቢውን ዛፍ ያጠጣል። የምህንድስና ተማሪዎች የሆንን ደግሞ የመመረቂያ ሥራችንን በሰፈራችን ዲች ላይ ማድረግ እንችላለን። የዝናቡን መጠን፣ የዲቹን ስፋትና ኩሬ የሚሆነውን ቦታ ለክቶ ለማዘጋጃ ቤት ማቅረብ ከመደርደሪያ ላይ ከሚቀር ወረቀት ይሻላል።

በሚቀጥለው ሐምሌ ዶፉ ይወርዳል፤ እሱ የአላህ ረሕመት ነው። ከእኛ ደጃፍ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።