«ከእጅ የወጣ» የሚባለው ልጅ

ትምህርቱን አቋርጦ ሰፈር የሚውል፣ ከቤት ኮብልሎ ጎዳና የሚያድር፣ ሱስ የጀመረ፣ ወይም ከዓረብ አገር ተመልሶ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ወጣት ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ በአንድ ፍርድ ይዘጋል፦ «ተወው፣ እሱ ከእጅ ወጥቷል»። ይህን የሚሉት መክረው መክረው የደከማቸው ወላጆችና አስተማሪዎች፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያዎች ናቸውና በክፋት አይታሙም። ፍርዱ ግን የቆመው በተደራረቡ እምነቶች ላይ ነው። የአእምሮ ሕመም የትልቅ ሰው ጣጣ ነው፤ ጠንካራ ልጅ ብቻውን ይወጣዋል፤ ስለ ሞት መጠየቅ ሞትን ማስታወስ ነው፤ ነርስ መርፌ ከመውጋት ያለፈ ምን ትፈይዳለች? እነዚህ እምነቶች በምርምር ሲፈተሹ አልጸኑም። ከሁሉም ይልቅ ከነርሶች ምርምር የተገኘ አንድ ውጤት ፍርዱን ከሥሩ ይነቀንቀዋል፤ የሚጠይቃቸውና ደጋግሞ የሚመለስላቸው የሠለጠነ ሰው ሲያገኙ ይበልጥ ያገገሙት በጣም የተጎዱት ናቸው።

ከዕድሜው እንጀምር። ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በሰው ዕድሜ ከሚከሰቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ 24 ዓመት ባለው ጊዜ እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከሰባቱ አንዱ ከአእምሮ ጤና መታወክ ጋር እንደሚኖር ይገምታል። ስለዚህ ሕመሙ የሚመጣው ልጁ ገና ደብተር ይዞ በሚመላለስበት ጊዜ ነው። ችግሩ መልኩን ቀይሮ መምጣቱ ነው። ድብርት በልጅ ላይ ሁልጊዜ በእንባ አይታይም፤ በቁጣ፣ በንጭንጭ፣ ከክፍል በመቅረት፣ ምክንያቱ በማይገኝ የራስ ምታትና የሆድ ቁርጠትም ይገለጣል። ያኔ ቤተሰቡ ጠባዩን ይቀጣል፣ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ አምጣ» ይላል፣ ጤና ጣቢያው የታይፎይድ ምርመራ ያዛል።

«ጠንካራ ነው፣ ይወጣዋል» የሚለው እምነት በከፊል እውነት ስላለው ለማረም ይከብዳል። በቴክሳስ የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊን ሩና ባልደረቦቿ ቤት አልባ ወጣቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ፣ ራሳቸውን ጠንካራ አድርገው የሚያዩት ብቸኝነትና ተስፋ መቁረጥ እንደሚቀንስባቸው፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገርም እምብዛም እንደማያደርጉ አግኝተዋል። ነገር ግን እነዚሁ ወጣቶች ከሌላ ሰው ጋር ያላቸው ትስስር የላላ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው ጥንካሬው የምር ቢሆንም በማንም ላለመደገፍ የተለመደ ጥንካሬ መሆኑን ነው። ማንንም አምኖ የማያውቅ ልጅ ሲብስበት ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይይዛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አገልግሎቱ ራሱ ልጁ ወዳለበት መሄድ ይኖርበታል።

ብዙ ሰው የሚጸናበት እምነት ግን ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ይተክላል የሚለው ነው። ይህን ማዴሊን ጉልድና ባልደረቦቿ በኒውዮርክ ግዛት በሚገኙ ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ2,342 ተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። ተማሪዎቹ በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ስለ ራስን ማጥፋት ተጠየቁ፣ ገሚሶቹ አልተጠየቁም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም ሲጠየቁ የቀደመው ጥያቄ ጭንቀትንም ሆነ የመሞት ሐሳብን አልጨመረም። እንዲያውም ድብርት ያለባቸውና ከዚህ በፊት ሙከራ ያደረጉት ተማሪዎች ስለተጠየቁ ጭንቀታቸው ቀለል ያለ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችን የገመገሙ ጽሑፎችም ከዚህ የተለየ አላገኙም። እርግጥ አጠያየቁ ያለ ሥርዓት አይሆንም። ሐኪሞቹ ጎልደንሪንግና ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቁት፣ ነርሶችም በስፋት የሚሠሩበት የወጣቶች ቃለ መጠይቅ የሚጀምረው ከቤት ነው፤ ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ማን ይቀርብሃል። ከዚያ ወደ ትምህርት፣ ወደ ጊዜ ማሳለፊያ፣ ወደ ሱስ፣ ወደ ፍቅርና ወሲብ ይዘልቃል፤ ስለ ራስን ማጥፋት የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ መተማመን ከተፈጠረ በኋላ ነው። ወላጅ ውጭ ይቆያል። ነርሷም ገና ከመነሻው «የምትነግረኝን ለሰው አላወራም፤ ሕይወትህን የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ግን ብቻዬን አልይዘውም» ብላ ታሳውቃለች። ጥያቄው ሲደርስ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ተብሎ በግልጽ ይቀርባል። «እንደዚህ ዓይነት ክፉ ነገር አታስብም አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን «አላስብም» በል ብሎ መልሱን ማቀበል ነው።

ወደ ነርሷ ሥራ እንምጣ። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው በነርስና በታማሚ መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል ነው ብላ መጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1952፣ ነርስ የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ ተደርጋ በምትታይበት ዘመን ነው። ሐሳቡ በተጎዱ ልጆች ላይ ምን እንደሚያስገኝ በደንብ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴይንት ፖል ከተማ የተካሄደው ነው። ነርሶቹ ኤልዛቤት ሴዊክና ላውረል ኤዲንበርግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ ከቤት ጠፍተው የወሲብ ጥቃት ወይም ብዝበዛ የደረሰባቸውን ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 68 ልጃገረዶች ይመለከታል። የከፍተኛ ሥልጠና ነርሶች ልጆቹን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እስከ አንድ ዓመት ይከታተሏቸዋል፤ ጤናቸውን ይመረምራሉ፣ ከቤተሰብና ከትምህርት ቤት ጋር የተበጠሰውን ይቀጥላሉ፤ ልጆቹም በቡድን ይገናኛሉ። ከዓመት በኋላ ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ አለ፣ ሁኔታቸውም ጥቃት ወዳልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ተጠጋ። ከሁሉ የላቀውን ለውጥ ያሳዩት ሲጀምሩ ጭንቀታቸው የከፋውና ሰው ያልነበራቸው ናቸው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያነሳል። አንደኛው ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው ባይታከምም ጊዜ በራሱ ትንሽ ቀና ያደርገዋል የሚል ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥናቱ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፣ ተሳታፊዎቹም በዕጣ አልተመደቡም። ሆኖም አጥኚዎቹ ልጆቹን ተመሳሳይ ጥቃት ከደረሰባቸው የግዛቱ ተማሪዎች ጋርም ስላነጻጸሩ ለውጡን ሁሉ ለጊዜ መስጠት ያስቸግራል። ቢያንስ «እሷ ላይ መድከም ከንቱ ነው» ለሚል ፍርድ ምንም ድጋፍ አይሰጥም። ሁለተኛው ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው የሚለው ነው። የእኛ ታሪክ ግን እንዲያውም በነርሶች የተያዘ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ አገር ውስጥ የሳይካትሪስት ሥልጠና የተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በመካከሉ በየክልሉ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናውን ተሸክመው የቆዩት ነርሶች ናቸው። በቡታጅራ አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል የሥነ አእምሮ ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ጥናቱ የወጣቶች ባይሆንም «ያለ ስፔሻሊስት አይሆንም» የሚለውን ያለዝባል። ከሕክምና ይልቅ ጸበል ይሻላል ለሚሉም ክርክር አያስፈልግም፤ ጸበል የሚጠመቅ ልጅ ክኒኑንም ሊወስድ ይችላል። ጉዳት የሚመጣው ክኒኑን ጣለው ሲባል ነው።

ይልቅ የሚያሳስበው ተቃውሞ የሥራ ጫናው ነው፤ ኮሪደሩ በወረፋ በተጨናነቀበት ማን ተቀምጦ ያዳምጣል? ለሁሉም ረጅም ቃለ መጠይቅ አያስፈልግም። በአጭር ጥያቄ ከተለዩ በኋላ ረጅሙ ክትትል ለጥቂቶቹ ይውላል። ከጫናው በላይ የሚጎዳው ነርሶችን በየጊዜው ከክፍል ክፍል ማዘዋወሩ ነው፤ ልጁ ታሪኩን ለአንዷ ሲነግር ከርሞ በቀጠሮው ሌላዋን ካገኘ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። ይህን ማስተካከል አዲስ ሕንጻም ዶላርም አይጠይቅም፤ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ከወጣቶች ክትትል የማትነሳ አንድ ነርስ፣ የመሞት ሐሳቡ ወደ ዕቅድ የደረሰን ልጅ በዚያው ቀን ሰው አስይዞ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ደንብ፣ ከሆስፒታል ሲመለስም የትኛዋ ነርስ እንደምትቀበለው በካርዱ ላይ መጻፍ።