ጨው ወደ ደጋ፣ ጫት ወደ ወደብ

ፕላቶ ዱ ሰርፓን በፈረንሳይኛ «የእባብ አምባ» ማለት ነው። ጅቡቲ ከተማ ከቆመችባቸው የኮራል አምባዎች አንዱ ነው፤ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ይነሳበት የነበረው አሮጌው የባቡር ጣቢያም ከዚህ ሰፈር አይርቅም። በዚህ መስመር ሁለት ጭነቶች ለዘመናት ተላልፈዋል። የአሳል ሐይቅ ጨው በአፋር ግመሎች ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ የሐረርጌ ጫት ደግሞ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ሁለቱም ከደም ሥራችን ጋር ነገር አላቸው።

ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ቧንቧ ደም ቅዳ ይባላል። ውስጡ ለስላሳ ነው። ግፊት ሲበዛበት፣ የሲጋራ ጭስና የስኳር ብዛት ሲያቆስለው፣ ኮሌስትሮል በቁስሉ ገብቶ ግድግዳው ውስጥ ይከማቻል። ክምችቱ ዓመታት ሙሉ ሳያሳምም ያድጋል። አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም እላዩ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ልብ ላይ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው።

ከተማ ለዚህ ያመቻል። ጅቡቲ ውስጥ ቀትር ሲያልፍ ጫቱ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ተቀምጦ ነው የሚያመሸው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምት ያፋጥናል፣ ደም ሥር ያጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። በላዩ ሲጋራና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጨመርበታል። ቃሚው ጥፋቱን በቅጠሉ ላይ ብቻ ሲያላክክ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሰዓታት የሚፈጀውን መቀመጥም እከሳለሁ።

የኢትዮጵያ ገጠሬ ደግሞ ይራመዳል፣ ያርሳል፣ ሥጋ የሚያየው በዓል ሲደርስ ነው። ጨው ግን ከተሜ ገጠሬ አይልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት አንድ አዋቂ በቀን 8.3 ግራም ገደማ ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። የጎጆው የማገዶ ጭስም ለደም ቅዳ ደግ አይደለም።

«ገጠር ያለ ሰው ጤነኛ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ይሰናከላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በ17 አገሮች ከ150 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ለልብ ሕመም አጋላጭ ነገሮች የበዙት በከተሜው ላይ ነው። በልብና በደም ሥር ሕመም ይበልጥ የተያዘው፣ ከታመመም በኋላ ይበልጥ የሞተው ግን ገጠሬው ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ግፊቱ ሳይለካ፣ ክኒኑ ሳይጀመር፣ ሆስፒታሉም ሳይደረስበት ነው ሰው የሚያልፈው።

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ አጎታችሁን ወይም አክስታችሁን ይዛችሁ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ግፊታቸውን አስለኩላቸው።