ስልክ ስንገዛ ለየትኛው ቀናችን እንገዛለን?

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ የዕቁብ ዕጣ ደረሳቸው። እኚህ እናት በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ሦስት ልጆቻቸውን በላባቸው የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ገንዘቡ እጃቸው ከመግባቱ በፊት የወጪው ዝርዝር ተጽፎ አልቆ ነበር፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍ፣ የታናሹ ልጅ ጫማ። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ስልክ» የሚል ቃል ሰፍሯል። የነበራቸው ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም፤ ገንዘብ ለመላክ ቴሌብርን ሲከፍቱም ተራ ጠባቂው ከኋላቸው እስኪያጉረመርም ድረስ ይቆያል።

ችግሩ የተነሣው ብሩ ከተገኘ በኋላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጃቸው «እማዬ፣ በዚህ ብር እኮ አይፎን ይገኛል፤ ያገለገለ ቢሆንም አይፎን አይፎን ነው» አለች። የእናትየው ወንድም ግን በዚያው ዋጋ ከሣጥኑ ያልወጣ አዲስ ሳምሰንግ እንዲገዛ መከረ። እናት በልጅና በወንድም መካከል ቆመው ቸገራቸው። አንድ ቀን ማታ በራችንን አንኳኩተው «ልጄ፣ አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ፤ እስቲ ይኼን ነገር አስረጂኝ፤ ይኼ ብር ካመለጠኝ ሌላ ዕጣ እስኪደርሰኝ ዓመት ነው» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ድሮ የቤት ስልክ በዳንቴል ተሸፍኖ ከመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የክብር ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ስልክ የወር አስቤዛ ያህል የኑሮ መሣሪያ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከፍቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኤም-ፔሳን ካስከተለ ወዲህ ስልካችን የገንዘብ ቦርሳችንም ጭምር ነው። ስለሆነም በስልክ ግዢ መሳሳት በጌጥ መሳሳት ሳይሆን በቦርሳ መሳሳት ነው።

መጀመሪያ የራስን ቀን መቁጠር

ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ጎረቤቴን የጠየቅኋቸው ስለ ስልክ ሳይሆን ስለ ውሏቸው ነበር። እሳቸውም በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ይወጣሉ፤ እስከ ማታ ድረስ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉበት ቦታ የላቸውም። የታናሹ ልጅ ትምህርት ቤት መልእክቱን የሚያስተላልፈው በቴሌግራም ነው። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅታቸው ዓርብ ዓርብ በኢሞ ትደውላለች። ሁለት ሲም ካርድ ይይዛሉ፤ አንዱ ለጥሪና ለገንዘብ፣ አንዱ ለኢንተርኔት። ማታ ደግሞ ትልቋ ልጅ የጥናት ጽሑፎችንና የቀድሞ ፈተናዎችን በዚያው ስልክ ታነባለች።

እንግዲህ እኅቶች፣ ልብ እንበል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «ቆንጆ ፎቶግራፍ» የሚል የለበትም። ይህ ማለት ፎቶግራፍ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ነገር ግን ለባትሪ፣ ለሁለት ሲምና ለሰፊ ማከማቻ የሚከፈለውን ብር ለካሜራ ከከፈልን የምንገዛው ስልክ ለእኛ ቀን ሳይሆን ለሌላ ሰው ቀን ነው። የቀን ፎቶግራፍ አንስታ ልብስ በቴሌግራም የምትሸጥ እኅት ብትሆን ግን ካሜራው የዝርዝሯ ቁጥር አንድ ሊሆን ይገባል። መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

በሣጥኑ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

የስልክ ሣጥን እንደ ዘይት ጠርሙስ አይደለም፤ ሊትሩን አይቶ መግዛት አይቻልም። ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው፤ ትልቅ ሆኖ የተጻፈውም ሁሉ ትልቅ ጥቅም የለውም።

የመጀመሪያው የባትሪው መጠን ሲሆን የሚለካው በሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ አብዛኞቹ አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች 5,000 ገደማ ይይዛሉ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ለሚውል ሠራተኛ ከዚህ ቁጥር ብዙ አለመውረድ ይበጃል።

ሁለተኛው ራምና ማከማቻ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ራም ማለት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ሽንኩርቱም ሥጋውም በአንድ ጊዜ ይከተፋል። ማከማቻው ግን ጓዳ ነው፤ ፎቶግራፉ፣ ቪዲዮውና የልጆች ትምህርት የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንዳንድ አምራቾች 8 ጊጋባይት እውነተኛ ራም ላይ ከማከማቻው 8 ጊጋባይት ተበድረው «16» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ይህ ጠረጴዛው ሲሞላ ጓዳ ገብቶ ወለል ላይ እንደ መክተፍ ነው፤ ሥራው ይሠራል፣ ግን እንደ ጠረጴዛው አይፈጥንም። የመደመር ምልክት ሲታይ «እውነተኛው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው የካሜራው ሜጋፒክስል ነው። ይህ ቁጥር የሥዕሉን የነጥብ ብዛት እንጂ ጥራቱን ብቻውን አይናገርም። የሥዕል ጥራት ካሜራው በሚያስገባው ብርሃንና ስልኩ ሥዕሉን በሚያዘጋጅበት ጥበብም ይወሰናል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ጥሩ ካሜራ ባለ 50 ሜጋፒክስሉን ደካማ ካሜራ በምሽት ሊያስንቀው ይችላል። ስለሆነም ከቁጥሩ ይልቅ ሱቁ ውስጥ ጨለም ወዳለው ጥግ ዞር ብሎ አንድ ፎቶግራፍ ማንሣት የተሻለ ምስክር ነው።

ስለ ስምም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሦስት ተቀናቃኞች ይምሰሉ እንጂ መቀመጫው ሼንዘን የሆነው ትራንሽን የተባለ የአንድ የቻይና ኩባንያ ምርቶች ናቸው። በመሆኑም በእነዚህ መካከል ስንመርጥ በስሙ ከመከራከር ይልቅ የተሸጠበትን ዋጋና ከላይ የጠቀስናቸውን መለኪያዎች ማነጻጸር ይበጃል።

የስልክ ዕድሜ

ስልክ መሥራት ሳያቆም ሊያረጅ የሚችል ዕቃ ነው። ስልክን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር በየጊዜው እድሳት ያስፈልገዋል። እድሳቱ ሌቦች ያገኙትን ቀዳዳ የሚደፍን ስለሆነ የበር ቁልፍ እንደ መቀየር ሊቆጠር ይችላል። አምራቹ እድሳቱን ሲያቆም ገንዘባችን ያለበት ቤት በአሮጌ ቁልፍ ይቀራል ማለት ነው። ቀስ በቀስም መተግበሪያዎቹ ራሳቸው አሮጌውን ስልክ ይተዉታል። ለምሳሌ ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በ2025 ግንቦት ወር አይፎን 6ንና ከእሱ በፊት የወጡትን ስልኮች አሰናብቷቸዋል።

በዚህ ረገድ አፕል ለስልኮቹ ረጅም ዘመን እድሳት በመስጠት የተመሰገነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አይፎን 11 በ2025 የወጣውን አዲስ ሶፍትዌር አግኝቷል። ነገር ግን ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ያ ዘመን ከተቆጠረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይፎን 10 ከ2023 ጀምሮ አዲሱን ዋና ሶፍትዌር አያገኝም። በአንጻሩ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤ16 የ6 ዓመት የደኅንነት እድሳት ቃል ገብቷል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ሌሎች ብዙ ስልኮች የሚገባላቸው ቃል ከዚህ ያጠረ ነው። እንግዲህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ለቀሪው ዕድሜ ማካፈል ያስፈልጋል፤ ስድስት ዓመት የሚያገለግል ስልክ ሁለት ዓመት ከሚያገለግለው ትንሽ ቢወደድም በዓመት ሲሰላ ይረክሳል።

ያገለገለ ስልክ ለሚገዙ

ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ የተረዳው በዚህ ነው። ይሁንና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ብሩ ከመቆጠሩ በፊት እነዚህን መመልከት ግድ ነው።

በመጀመሪያ በስልኩ ላይ *#06# ደውሉ። ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር ከሣጥኑና ከደረሰኙ ጋር ካልተስማማ ስልኩ የሌላ ሰው ዕንባ ሊኖርበት ይችላል፤ ተዉት። ቀጥሎ የቀድሞው ባለቤት መለያ ከስልኩ መውጣቱን አረጋግጡ። አይፎንም ሆነ አንድሮይድ በቀድሞው ባለቤት ስም ከተቆለፈ ያለ ምስጢር ቁጥሩ አይከፈትም፤ ብሩን ከፍሎ መስታወት ይዞ መግባት ይሆናል። ከዚያም በአይፎን ላይ ማስተካከያውን ከፍታችሁ ስለ ባትሪው ጤንነት የተጻፈውን መቶኛ ተመልከቱ። ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ላይ ደምሩ።

ከአሜሪካ ዘመድ ልኮት ለሚመጣም ስልክ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ አገር በክፍያ ውል የተገዛ ስልክ ውሉ እስኪያልቅ ለአንድ የስልክ ድርጅት ብቻ ሊቆለፍ ይችላል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ዘመድ ስጦታ ከመግዛቱ በፊት ይህን መጠየቁ ስጦታውን ከመሳቢያ ያድነዋል።

የሱቁ ውሎ

እኛም ቅዳሜ ከሰዓት እናት፣ ልጅና እኔ ሦስታችን መርካቶ ወረድን። ከላይ የጻፍኩትን በወረቀት አስፍሬ ለልጅቱ ሰጠኋት፤ «አንቺ መርምሪ፣ እናትሽ ይወስኑ» አልኳት። እሷም በደስታ ተቀበለች፤ አይፎኑ ፈተናውን እንደሚያልፍ እርግጠኛ ነበረች።

ባለሱቁ ያወጣው አይፎን 10 ነበር። ያምራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ልጅቱ አገላበጠችው፤ ካሜራውን ሞከረች፤ ፊቷ በራ። ከዚያም ወረቀቷን አንሥታ ማስተካከያውን ከፈተች። የባትሪው ጤንነት 74 በመቶ ይላል። ይህ ስልክ አዲስ ሳለም የያዘው ባትሪ 2,700 ገደማ ነበር፤ አሁን የቀረው 2,000 ያህል ነው ማለት ነው። ቀጥላ የሲም ማስገቢያውን ጠየቀች፤ አንድ ብቻ ነው። ተጨማሪ የሜሞሪ ካርድ አይቀበልም። የቻርጀሩ ጫፍም በቤት ካሉት ቻርጀሮች ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ባለሱቁ «ማዘር፣ ባትሪው ይቀየራል፣ ችግር የለውም» አለ። እናት ዝም አሉ። ልጅቱም ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ «እማዬ፣ ይኼ እስከ ምሳም አያደርስሽም» ያለችው ራሷ ናት።

የተገዛው ጋላክሲ ኤ16 ነው፤ 128 ጊጋባይት ማከማቻ፣ 5,000 ባትሪ፣ ሁለት ሲም። መለያ ቁጥሩን ከሣጥኑ ጋር አመሳከርን፤ ደረሰኝ ተቀበልን፤ በደረሰኙም ላይ ቁጥሩ እንዲጻፍ አደረግን። ከተረፈው ብር ላይ ለመስታወቱ መሸፈኛና ጠንካራ ከቨር ተገዛ፤ መስታወት ማስቀየር ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስወጣልና። ስልኩ ሲከፈት የምስጢር ቁጥሩን ያስገቡት እናት በራሳቸው እጅ ነው። «ልሙላልዎት» ያለውን የሱቁን ልጅ በትሕትና መለስነው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ለሱቅ ሠራተኛ ቀርቶ ለቅርብ ወዳጅም አይነገርም።

በመመለሻው ታክሲ ውስጥ ልጅቱ በመስኮት እያየች አላወራችም። እናትም አልገሠጿትም። ጓደኞቿ የያዙትን መመኘቷ ጥፋት አይደለም፤ እኛም በዕድሜዋ የተመኘነው ጫማ ነበር። እናት የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማታ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ ያንቺ ነው። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ማንም አይነካብሽም።»

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን ከፈረቃ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ ባትሪው 41 በመቶ ይላል። «ዓርብ ከእኅቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፤ ሳይቋረጥ» አሉኝ። ከዚያም ልጅቷ እየጠበቀቻቸው ስለሆነ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።