ከሻንጣ የወጣው የአልጋ ልብስ
የተጀመረ የእጅ ሥራ በስደት አገር እንዴት ይፈጸማል?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በምትኖር አንዲት እህት አልጋ ሥር አንድ ሻንጣ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። በውስጡ ያለው ከአዲስ አበባ በሰው የተላከ ዳንቴል ነው። እናቷ ለሠርጓ ብለው የጀመሩት የአልጋ ልብስ ዓይናቸው ሲደክም ሳይፈጸም ቀረ። ካሬ ካሬው ተሠርቷል፤ ገና አልተገጣጠመም። እናትየው ካሬዎቹን ከጥቂት ልቃቂት ክርና ከአንዲት ኪሮሽ ጋር አስረው «አንቺ ጨርሺው» ብለው ላኩላት። እሷም «እረፍት ሳገኝ» አለች። እረፍቱ ሳይገኝ እናቷ አረፉ። ከዚያ በኋላማ ሻንጣውን መክፈት ራሱ ሌላ ለቅሶ ሆነባት።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በስደት የሚኖሩ የብዙ ወገኖቻችን ቁም ሣጥን ቢከፈት፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ ገና ሳይወለድ የተጀመረ ሹራብ፣ ጫፉ ያልተቀመቀመ መጋረጃ፣ ለቀሚስ ተብሎ ተገዝቶ መቀስ ያልነካው ጨርቅ አይጠፋም። ስንፍና ግን አይደለም። አገር ቤት ሶፋውንም፣ ሬዲዮኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም ያለበሰው ዳንቴል የተሠራው ቡና እየተጠጣ፣ ጨዋታ እየተጨዋወቱ ነው። ለእጅ ሥራው ተብሎ የተለየ ሰዓት አልነበረም። እዚህ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ቡናውም የሚፈላው እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ድሮ በራሱ ይመጣ የነበረው ጊዜ አሁን መደልደል አለበት።

መጀመሪያ መቁጠር

ሥራ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ምን ያህል እንደቀረ ስለማይታወቅ ነው። ያቺ እህት አንድ እሑድ ቡና ልትጠጣ ከመጣች ጓደኛዋ ጋር ሻንጣውን ከፈተች። ካሬዎቹን ምንጣፉ ላይ ደርድረው ቢቆጥሩ 132 ሆኑ። አልጋው በወርዱ 12፣ በቁመቱ 14፣ በጠቅላላው 168 ካሬ ይፈልጋል። የቀረው 36 ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቢሠራ ዘጠኝ ወር አይሞላም። ለዓመታት ተራራ መስሎ የታያት ነገር ቁጥር ሆነ።

ቀጥሎ ክሩ ነው። ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይረዳል። 10 ካሬ 120 ግራም ከመዘነ፣ ለ36 ካሬ 432 ግራም ያስፈልጋል። ትንሽ ጨምሮ 500 ግራም መግዛት፣ ያውም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነው። አብሮ የተነከረ ክር ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት የማቅለሚያ ቁጥር ይጻፍበታል። ከወር በኋላ «ያንኑ ቀለም» ብሎ የገዛ ሰው ቁጥሩ ከተለየ መስመሩ ከሩቅ ያስታውቅበታል።

ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ከረጢት ያስፈልገዋል። ክሩ፣ ኪሮሹ፣ የክሩ ወረቀትና አንድ ማስታወሻ አብረው ይቀመጡ። ማስታወሻው ላይ የኪሮሹ ቁጥር፣ የተደረሰበት ረድፍና ቀጥሎ የሚሠራው ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ የሚመለስ ሰው ግማሽ ሌሊቱን «የት ነበርኩ?» እያለ አያጠፋም። ከመጽሐፍ የሚሠሩም ይጠንቀቁ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። የለንደን መጽሐፍ ይዞ በአሜሪካ አጠራር የሠራ ሰው ሌላ ነገር ይወጣለታል።

የእናትየው ንድፍ ግን የትም አልተጻፈም፤ በራሳቸው ውስጥ ነበር። ልጅቷ አንዱን ካሬ በማጉያ መነጽር እያየች፣ ሰንሰለቱን እየቆጠረች በወረቀት ገለበጠችው። የመጀመሪያ ካሬዋ ከእናቷ በአንድ ሳንቲ ሜትር አነሰ፤ እጇ ክር ያጠብቃል። አንድ ሳንቲ ሜትር ብትናቅ በ12 ካሬ 12 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። በአንድ ደረጃ ወፈር ያለ ኪሮሽ ብትይዝ ልክ መጣላት። በአሜሪካ የብረት ኪሮሽ ቁጥሩ ሲበዛ እየቀጠነ እንደሚሄድ ልብ ይሏል።

ዳንቴል አውቶቡስ ውስጥም ይሠራል። የስፌት መኪና ግን ከቤት አይወጣም። እሱን ለያዘ ሰው ሥራውን በቀን መክፈል ይሻላል፤ አንድ ቀን መለካትና መቅደድ፣ ሌላ ቀን መስፋት፣ ሌላ ቀን በካውያ ተኩሶ መቀምቀም። ሁሉም ባንድ ምሽት ካልሆነ ያለ ሰው አይጀምርም።

አሜሪካኖች ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የሚሰፉት ኩዊልት የሚባል ብርድ ልብስ አላቸው። በቀድሞ ጊዜ ሴቶች የላዩን ጨርቅ ለየብቻ ሲገጣጥሙ ከርመው፣ ከገበሩ ጋር የሚሰፋ ጊዜ ጎረቤት ይጠራሩ ነበር። የኛ ደቦ ማለት ነው። በወር አንድ እሑድ ሁሉም የጀመረውን ይዞ ቡና ላይ ቢገናኝ የማይፈጸም ሥራ ጥቂት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም?

ሁሉንም መጨረስ ግን ግዴታ አይደለም። ልጁ ያደገበት ሹራብ ተተርትሮ ክሩ ታጥቦ ለሌላ ይሆናል፤ ጨርቁም ለሚሰፋው ሰው ይሰጣል። ቦታውም ልቡም ይቀላል።

የአልጋ ልብሱ ተገጣጥሞ አልቋል። አዲሱ ነጭ ክር ከአሮጌው ጋር አልገጠመም፤ ዓመታት የእናትየውን ክር ወደ ቅቤ ቀለም ወስደውታል። 36ቱ ካሬ ሦስት ረድፍ ሆነው በግርጌ በኩል ተሰፉ። የ11 ዓመት ልጇ «እዚህ ጋ ለምን ነጣ?» ብላ ጠየቀች።

«እስከዚህ የአያትሽ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የእኔ» አለቻት እናቷ።

ያቺ ከአዲስ አበባ የመጣች ኪሮሽ አሁን በልጅቱ እጅ ናት፤ ሰንሰለት እየተማረች ነው። እርስዎም በዚህ እሑድ ቡናው እስኪፈላ ሻንጣዎን ይክፈቱና ይቁጠሩ።