የወንዝ ውኃ ምርመራ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

መግቢያ

ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ሙጋና ሱሃ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰውንም ከብትንም ያጠጣሉ። በየጥኖራ፣ በብቸናና በሞጣ አካባቢ ወንዝና ምንጭ ጠልፎ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ውኃው ከላይ ቢበከል ጉዳቱ በቀጥታ እርሱ ላይ ይደርሳል። በክልላችን የታየ ምሳሌ አለ። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት የለዮሌ ወንዝ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም የተባለውን ማዕድን ከመመሪያው ልክ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነው።

ገበሬው ወንዙ መበላሸቱን በዓይኑ ያያል፣ በአፍንጫው ያሸታል። ጽሕፈት ቤትና ፍርድ ቤት ግን ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩም የሚታመነው በጸደቀ ዘዴ የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

ዘዴ ለምን ይጸድቃል?

እህል በቁና ሲሰፈር የአንዱ ቁና ከሌላው ስለሚለይ ጠብ ይነሣል። ማኅበራት ሚዛን የሚያስመረምሩት ለዚህ ነው። የውኃ ምርመራም እንዲሁ ነው። አንዱ ላቦራቶሪ ውኃውን አጣርቶ፣ ሌላው ሳያጣራ ክሮሚየም ቢለካ ውጤታቸው ይለያያል። ከደለል ጋር የተጣበቀው ክሮሚየም በማጣሪያው ላይ ይቀራልና።

ሌላው ምሳሌ ቢኦዲ የሚባለው ልኬት ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያፈርሱ የሚፈጁትን ኦክሲጂን ያሳያል። ውኃው በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀን ይቀመጣል። ነገር ግን በውኃው ውስጥ መርዝ ካለ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ ኦክሲጂኑም አይቀንስም። ስለዚህ በጣም የተመረዘው ውኃ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የጸደቀው ዘዴ ይህ ስሕተት እንዳይደርስ መርማሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ያዛል።

በአሜሪካ መንግሥት ለፍሳሽ ቁጥጥር የሚፈቀዱትን ዘዴዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ዘርዝሮ አውጥቷል። አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ሁሉ ከጸደቀው ጋር እኩል መሆኑን በምርመራ ማስረዳት አለበት። በአገራችን ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተዘጋጀው ደረጃ ጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ለቢኦዲም የሙቀቱን ልክ ጭምር ይጠቅሳል።

ላቦራቶሪ እንዴት ይመረጣል?

የላቦራቶሪዎችን ብቃት የሚመሰክር የአክሪዲቴሽን ጽሕፈት ቤት በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. ተቋቁሟል። መመዘኛው አይኤስኦ 17025 ይባላል። ልብ ሊባል የሚገባው ምስክርነቱ የሚሰጠው ለላቦራቶሪው በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ምርመራ መሆኑ ነው። ለፒኤች የተመሰከረለት ለክሮሚየም ላይመሰከርለት ይችላል። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት የምስክርነቱን ዝርዝር መጠየቅ ይገባል።

ናሙና ሲቀዳ

ጥሩ ላቦራቶሪ የተበላሸ ናሙና አያድንም። ስለዚህ፦

1. ዘይት ወይም ለስላሳ የነበረበት ጠርሙስ አይወሰድ። ጠርሙሱን ላቦራቶሪው ያዘጋጅ።

2. ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች ይቀዳ። የላይኛው ከሌለ ብክለቱ ከየት እንደ መጣ ማሳየት አይቻልም።

3. ሙቀትና ፒኤች ወዲያው በቦታው ይለኩ።

4. ለቢኦዲ የተቀዳው ጨለማ ውስጥ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ይጓዝ። በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራው ቢጀመር መልካም ነው፤ ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማለዳ ቀድቶ በዕለቱ ማድረስ ይቻላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይቀዳ፤ ቅዳሜና እሑድ ናሙናውን ያበላሹታልና።

5. ለጠቅላላ ክሮሚየም የሚሆነው ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይገባበታል፤ እስከ 6 ወር ይቆያል። አሲድ ያለበት ጠርሙስ አይታጠብ፣ ሞልቶም አይፍሰስ፣ ልጆችም አይንኩት።

6. ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የቀጂው ስም በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርሙ።

ከዚያስ?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ጉዳቱ በግሉ ባይደርስበትም አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። ተቆጣጣሪዎችም ሳይነገራቸው ለባለ ድርጅቶች ገብተው ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ አንድ ማኅበር እውነት ይዞ በለስላሳ ጠርሙስ፣ ለሦስት ቀን በፀሐይ በቆየ ውኃ ቢቀርብ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሣው ፍሳሹን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው። እውነቱም በዚያው ይቀራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ለማኅበራቱ በስብሰባ እንዲያስረዱና ወንዙ ገና ንጹሕ ሳለ አንድ ጊዜ እንዲያስለኩት አደራ እንላለን። የዛሬው ንጹሕ ውኃ ቁጥር ለነገው ክርክር ምስክር ነው።