ናይል ፐርች እና አምባዛ፦ አተነፋፈሳቸው የለያያቸው ሁለት ግዙፍ ዓሦች

በደቡብ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በሚገኘው የጫሞ ሐይቅ ለመዝናናት መንጠቆ የሚጥሉ ሰዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚመኙት ናይል ፐርችን ነው። በዚያው ሐይቅ አምባዛም ይኖራል። ውድድሩ በመጠን ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ ሲችል፣ ትልቅ የሚባለው አምባዛ 60 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የሁለቱን ዓሦች አኗኗርና ዕጣ የሚወስነውን መሠረታዊ ልዩነት ነው። እርሱም አተነፋፈሳቸው ነው።

አስቀድመን አካላቸውንና አመጋገባቸውን እንመልከት። ናይል ፐርች (ላቴስ ኒሎቲከስ) ብርማ ቅርፊት የለበሰ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ሥጋ በል ዓሣ ነው። የሚያድነው በአመዛኙ በማየት ስለሆነ፣ አጥማጆች በትንሽ ዓሣ ወይም ዓሣ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማታለያ ይስቡታል። አምባዛ (ክላሪያስ ጋሪፒነስ) በአንጻሩ ቅርፊት የለውም። በአፉ ዙሪያ ባሉት 8 ሪዝ መሰል አካላት እየዳሰሰና እየቀመሰ በጨለማና በድፍርስ ውኃ ውስጥ ምግቡን ያገኛል፤ ዓሣ፣ ነፍሳት፣ ዕፅዋትም ሆነ ብስባሽ አይመርጥም።

ወደ ዋናው ነጥብ ስንመጣ፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከ8 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ግን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ይገኛል። ናይል ፐርች በስንጥቡ አማካይነት ከውኃው የሚያገኘው ኦክስጅን ብቻ ስላለው፣ ውኃው ሲታፈን መሸሽ ወይም መሞት ግዴታው ነው። አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋና በደም ሥር የተሞላ ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል አለው። ወደ ውኃው ገጽ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ ቆዳው እስካልደረቀ ድረስም ከውኃ ውጭ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

የዚህ ልዩነት ውጤት በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ በግልጽ ታይቷል። ናይል ፐርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ ሐይቁ ገብቶ በ1980ዎቹ እጅግ ከተራባ በኋላ፣ 200 የሚደርሱ አገር በቀል የዓሣ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። ከተረፉት አንዳንዶቹ መጠለያ ያገኙት ኦክስጅን በሚያንስበት በሐይቆቹ ዳር በሚገኘው ረግረግ ውስጥ ነው። አሳዳጁ እዚያ ገብቶ መተንፈስ ስለማይችል ነው።

ታዲያ ይህ ለጫሞ ምን ትርጉም አለው? በሐይቁ የናይል ፐርች ምርት እንደቀነሰና ለመራባት ያልደረሱ ዓሦች በብዛት እንደሚጠመዱ ጥናቶች አመልክተዋል። እንስቶቹ ለመራባት የሚደርሱት ከወንዶቹ ዘግይተው፣ በአካልም ገዝፈው ነው። አንዲት ትልቅ እንስት በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ የሚይዛት ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳትራባ ነው።

«ትንሿን ወደ ውኃው መመለስ አይቻልም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለአምባዛ ምክሩ ይሠራል፤ በመረብ ተይዞ ካደረ በኋላም በሕይወት ሊገኝ ይችላል። ናይል ፐርች ግን በመረብ ተጠላልፎ ስንጥቡን እንደልቡ ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ፈጥኖ ይታፈናል። ከጥልቅ ውኃ በመንጠቆ ሲሳብም በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ስለሚነፋ፣ ቢለቀቅ እንኳ ወደ ጥልቁ ለመመለስ ይቸገራል። ስለዚህ ይህን ዓሣ ለመጠበቅ ቁም ነገሩ ከተያዘ በኋላ መልቀቁ ሳይሆን፣ ትንንሾቹን የሚያሳልፍ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ መጠቀሙ ነው። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰውም ፎቶግራፍ ለመነሣት ብሎ ዓሣውን ከውኃ ውጭ ባያቆየው፣ ከተቻለም ከነጭራሹ ከውኃው ሳያወጣ መንጠቆውን ቢነቅልለት፣ የመትረፍ ዕድሉን ከፍ ያደርግለታል።